የሴሌዶንዮ እንብላ

ሴሌዶንዮ ባሮሶ ዕድሜውን ሙሉ በካቴድራሎች ደጃፍ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ አንዱንም ግን ገብቶ አይቶ አያውቅም። ሃይማኖት ጠልቶ አይደለም። አውቶቡሱን ማን ይጠብቅለት? ከትንሿ የስፔን ከተማችን ከቪያሞራ እየተነሳ ሰው ወደ ሳላማንካ፣ ወደ አቪላ፣ ወደ ሴጎቪያ ሲያመላልስ ጸጉሩ ሸበተ። ተማሪ ጭኗል፣ ሙሽራ ጭኗል፣ ተሸንፎ የሚመለስ የኳስ ደጋፊ ጭኖ አብሮ አልቅሷል። የሳላማንካን ካቴድራል ማን እንዳሠራው ብትጠይቁት ትከሻውን ይነቀንቃል። የካቴድራሉ ጥላ ከሰዓት በኋላ የት ጋ እንደሚያርፍ ግን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ምሳውን የሚበላው እዚያ ነዋ።

ምሳው ሚስቱ ፌሊሳ በአሮጌ የአይስክሬም ዕቃ የምትቋጥርለት የትናንት ትራፊ ነው። ብዙውን ጊዜ ቶርቲያ ነው፤ ድንችና ሽንኩርት በዘይት በስሎ በእንቁላል የተጋገረ፣ ወፈር ያለ፣ መሐሉ ለስለስ ያለ። ከጎኑ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ቾሪዞ የምንለው ቀይ ቋሊማና ዳቦ አይጠፋም። ሴሌዶንዮ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ይቀመጥና ሰንጢውን አውጥቶ ይቆርሳል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ፣ ዘበኛም ይሁን ቄስ፣ ያውቀውም አያውቀው፣ "እንብላ" ይባላል። አላፊውም "ይመችህ" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። አለቀ። በእኛ አገር ጋባዡ መጋበዝ አለበት፣ ተጋባዡም እምቢ ማለት አለበት፤ ሁለቱም ተከባብረው ይለያያሉ። እሺ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቪያሞራ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም።

ይህን ያስተማረችው እናቱ ናት። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በነበረው የረሃብ ዘመን ያደገች ሴት ነበረች። ያኔ በር ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሽንኩርት የሚበላ ሰው ሳይቀር አላፊውን እንብላ ይለው ነበር፤ አላፊውም ሆዱ እየጮኸ "አሁን በላሁ" ይል ነበር አሉ። ሁሉም ተርቦ ማንም ሳያፍር ያ ዘመን አለፈ። ሴሌዶንዮ ልጅ ሆኖ አንድ ቀን ምንጩ ዳር ዳቦ ሲገምጥ ጎረቤት አጠገቡ ሲያልፍ እንብላ ሳይለው ቀረ። እናቱ በመስኮት አይታ ኖሮ ወርዳ በጥፊ አጮለችው። ከዚያ ወዲህ አፉ ሳይጠይቀው በራሱ ይናገራል።

ይህ አመል ስልሳ ዓመት ሙሉ ምንም ሳያስከፍለው ኖሮ፣ በዚያ የግንቦት ሳምንት ግን ትዳሩንም ቤቱንም ሊያፈርስበት ምንም አልቀረውም።

ልጆቻቸው ወደ ማድሪድ ከሄዱ በኋላ ሴሌዶንዮና ፌሊሳ ቤቱን ቀለም ቀብተው የእንግዳ ማረፊያ አድርገውታል። አንድ አስጎብኚ ድርጅት በየወቅቱ እንግሊዞችን ያመጣላቸዋል። እንግዶቹ ሳምንቱን እነሱ ዘንድ እያደሩ፣ ጠዋት ጠዋት በሴሌዶንዮ አውቶቡስ ወጥተው አንድ ጥንታዊ ከተማ ያያሉ፤ ማታ ተመልሰው እራት ይበላሉ። ዘንድሮ ግን ከድርጅቱ ቢሮ ስልክ መጣ። ጎረቤታችን ካስትሪዮ ከተማ ላይ መዋኛ ያለው ሆቴል ተከፍቷል፤ የዚህ ሳምንት እንግዶች ደስ ካላቸው እሰየው፣ ካላላቸው ከሰኔ ጀምሮ ማረፊያው ካስትሪዮ ይሆናል ተባለ። ካስትሪዮ! ስንት ከተማ ባለበት አገር! የካስትሪዮ ሰዎች የአያቶቻችንን ደወል ሰርቀው እስካሁን የሚደውሉበት ሰዎች ናቸው፤ መዋኛውንም ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

ለፌሊሳ ነገሩ የደወል ጉዳይ አልነበረም። እንግዳ ከሌለ የቤቱ ወጪ አይቻልም፤ ትልቁ ልጃቸውም ማድሪድ ዳር ካለው ፎቅ ቤቱ አንድ ክፍል አዘጋጅቶ "መቼ ነው ሸጣችሁ የምትመጡት?" እያለ ሲነዘንዛት ከርሟል። አንዴ ሄዳ አይታዋለች። መስኮቱ የሚያሳየው ሌላ መስኮት ነው። "እዚያ ከምገባ አሁኑኑ ቅበሩኝ" ብላ ተመልሳለች። ስለዚህ ቢሮው እንግሊዞች ነጭ ሽንኩርት አይወዱም፣ ዘይት አይወዱም፣ ለስላሳ ነገር አቅርቢላቸው ሲላት የታዘዘችውን ልታደርግ ቆርጣ ተነሳች። የአማቷን የጥልፍ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ወርቅ ቅብ ያለውን የሾርባ ዕቃ አወጣች። በዚያ ሁሉ ጌጥ መሐል ጨው ያልነካው ቅቅል ዶሮ አቀረበች።

እንግዶቹ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ጨዋ ሰዎች። ዶሮውን በሹካ ገለበጡት፣ "ግሩም ነው" አሉ፣ ተዉት። ሳህኖቹ ወደ ማድ ቤት ሲመለሱ ፌሊሳ አየቻቸው። ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፤ ሴሌዶንዮም ድምጿን ከውሃው ለይቶ ሰማ።

ሰኞ ሳላማንካ ሄዱ። አስጎብኚያቸው ቤጎኛ የምትባል የቫያዶሊድ ልጅ ናት፤ የተማረች፣ ቀጭን፣ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ይዛ የምትሄድ። የዩኒቨርሲቲው የድንጋይ በር ላይ የተቀረጸችውን እንቁራሪት ፈልጉ ብላ ሁሉም አንጋጠው እንዲቆሙ አደረገች። ከመሐላቸው ሂልዳ የምትባል ጡረተኛ ነርስ፣ ቁመቷ በር የሚያህል፣ አንገቷን ሲያማት ሹልክ ብላ ወደ አውቶቡሱ መጣች። ሁለት ክረምት የማታ ትምህርት ቤት ገብታ ቋንቋችንን ተምራለች፤ ጥሩ ትናገራለች። ሴሌዶንዮ ቶርቲያውን ሊቆርስ ሰንጢውን እንደያዘ አያትና እንደ ወጉ "እንብላ" አላት።

"እሺ፣ ደስ ይለኛል" አለችና አጠገቡ ተቀመጠች።

ሴሌዶንዮ በሕይወቱ እንዲህ ደንግጦ አያውቅም። ፍሬን እምቢ ብሎት ቁልቁለት የወረደ ጊዜ እንኳ ይህን ያህል አልደነገጠም። ሂልዳ አንዷን ቁራሽ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ሁለተኛዋን አነሳች። ቾሪዞውንም አልማረችው። ሲጨርሱ፣ ማለት ስትጨርስ፣ ጣቷን በመሐረብ ጠርጋ፣ ከእንግሊዝ ከወጣች ወዲህ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር አለመቅመሷን ነገረችው። ሴሌዶንዮ በእጁ የቀረውን ዳቦ እየገመጠ "ይመችሽ" አለ፤ ሌላ ምን ይበል?

ለፌሊሳ ነግሮ ቢገላገል ምን ነበረበት ትላላችሁ። እናንተ ፌሊሳን አታውቋትም። ለዚያች እንግዳ የአማቷን ጥልፍ ዘርግታላታለች። ያቺው እንግዳ የትናንት ትራፊ፣ ያውም ከአይስክሬም ዕቃ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ከሹፌር ሰንጢ እንደበላች ብትሰማ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መቆም አቅቷት ትቀር ነበር። እንዲያው አካሄዱን ለማየት ያህል፣ ማታ ሳህን እያደራረቀ፣ ቾሪዞ ብታቀርቢላቸውስ ብሎ ጣል አደረገ።

"ቢሮው ያለውን ሰምተሃል" አለችው። "ደግሞ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ምግብ የምታውቀው? መሪህን ያዝ።"

መሪውን ያዘ። ማክሰኞ ሴጎቪያ እንደደረሱ ብልሃት ፈጠርኩ ብሎ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ ጨለማ ውስጥ ሊበላ ክዳኑን ከፈተ። በሩ ተንኳኳ። ሂልዳ ናት፤ ሦስት ሰው አስከትላለች፤ አንደኛው የቀድሞ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ማታ ቅቅሉን አሽትቶ የተወው። ሴሌዶንዮ ዕቃው ጭኑ ላይ ነው፣ ሰዎቹ ፊቱ ቆመዋል። ምላሱን ነከሰ። የእናቱ ጥፊ ጉንጩ ላይ ተሰማው።

"እንብላ" አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። ረቡዕ ሳሞራ ላይ የቡድኑ እኩሌታ መጣ፤ ሐሙስ ሲውዳድ ሮድሪጎ ላይ ሁሉም መጡ። ሴሌዶንዮ መጀመሪያ ሁለት ቶርቲያ፣ ቀጥሎ ሦስት ጠየቀ፤ ቃሪያ ጨምሪ፣ ዳቦ ጨምሪ አለ። ቢያመጣ ባያመጣ ለእሱ የሚደርሰው የዕቃው ጥግ ላይ የቀረው ዘይት ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ እንግዶቹ የተዉት ቅቅል ዶሮ ይጠብቀዋል፤ ፌሊሳ ምግብ አትደፋም። ስልሳ ሦስት ዓመት የኖረ ሰው በገዛ አገሩ በገዛ ሚስቱ ምግብ ዙሪያ ተርቦ ከሳ፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሰንጢ በሳ።

ጎረቤታቸው ኦርቴንሲያ ቀበቶውን አየች። ይህች ሴት የማታየው ነገር የለም፤ ሥራዋ ነው። ፌሊሳ ድንች ስትልጥ ገብታ ተቀመጠችና ነገሩን ከሥሩ ያዘችው።

"ሦስት ቶርቲያ ይዞ ይወጣል?"

"ይዞ ይወጣል።"

"ባዶውን ዕቃ ይዞ ይመለሳል?"

"ባዶውን።"

"እና እየከሳ ነው" አለች ኦርቴንሲያ። "ፌሊሳዬ፣ ሌላ አፍ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ የሴጎቪያ ሴት ናት።"

ፌሊሳ ልጣጩን ድስት ውስጥ፣ ድንቹን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ! እንግዳው እየሸሸ፣ ቤቱ ሊሸጥ ደርሶ፣ እሱ በእሷ ቶርቲያ ሴት ያባብላል! ከሁሉም የቆጠቆጣት ይሄ የመጨረሻው ነው። ሌላ ሴት ቢይዝ አንድ ነገር ነው፤ በእሷ እጅ ጣዕም መያዙ ግን የማይዋጥ ሆነባት።

የዚያኑ ቀን ሲውዳድ ሮድሪጎ ላይ ቤጎኛ ስለ ግንቡ ታሪክ ከፍ ባለ ድምፅ ስታስረዳ ቆይታ ዞር ብትል፣ ከኋላዋ የሚያዳምጣት አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ጥላ ፈልጎ ነው የቆመው። ጃንጥላዋን አጥፋ ወደ አውቶቡሱ በረረች። አሥራ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የሴሌዶንዮን ሰንጢ እየተቀባበሉ ይበላሉ። ሽታው እስከ ከተማው በር ድረስ ይጣራል። ቤጎኛ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

"ሴኞሪታ ቤጎኛ፣ እንብላ" አለ ሴሌዶንዮ።

ሆዷ እሺ አለ። አፏ ግን እንደ እኛው ነውና "ይመቻችሁ፣ አሁን በላሁ" አለ፤ ምራቋን ዋጠች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የተራቡት ሁለቱ የአገሩ ልጆች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሴሌዶንዮን ወደ ጎን ወሰደችው። ቢሮው ነገ አርብ ስልክ ደውሎ ይጠይቀኛል፣ እንግዶቹ ምን ወደዱ ሲለኝ ምን ልበል፣ የአምስት ከተማ መኪና ማቆሚያ ጎበኙ ልበል? ብላ ጠየቀችው። ማታም አይበሉም፣ ቀንም አያዩም፤ ካስትሪዮ ይሻላል ከማለት ሌላ ምርጫ እንደሌላት ነገረችው። ሴሌዶንዮ ወደ መሪው ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ የልጁ ፎቅ ቤት መስኮት እየታየው ነዳ።

አርብ ጠዋት ፌሊሳ ምንም ሳትል አራት ቶርቲያ ሰጠችው። አልተነጫነጨችም፣ ለማን ነው አላለችም፣ እንዲያውም ፈገግ አለች። ሴሌዶንዮ ከዚያ ፈገግታ የባሰ ነገር አይቶ አያውቅም። አውቶቡሱ ከአደባባዩ እንደወጣ የኦርቴንሲያ ትንሽ መኪና ተነሳች። ይህቺ መኪና ለቀብር ካልሆነ ከቤት አትወጣም፤ ኦርቴንሲያም በልማድ እስከ አቪላ ድረስ በቀብር ፍጥነት ነዳች። ፌሊሳ ከጎኗ ቦርሳዋን አቅፋ "እርገጪው እንጂ" ትላታለች፤ ወዲያው ደግሞ "ቀስ በይ" ትላለች። ልትደርስ ትፈልጋለች፤ ደርሳ ማየቱን ግን ትፈራለች።

አቪላ ላይ ሴሌዶንዮ ቆረጠ። ምግቡን ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ቆለፈበት፣ ለእንግዶቹም ዛሬ ምንም እንደሌለ ነገራቸው። አንገታቸውን ደፍተው ቤጎኛን ተከተሉ። ግንቡ ላይ ወጥተው ሲርቁ አየና ሳጥኑን ገለበጠ፣ ዕቃውን አወጣ፣ ሳምንቱን ሙሉ የናፈቃትን የመጀመሪያዋን ቁራሽ በሰንጢው ጫፍ ወደ አፉ አነሳ። ያን ጊዜ የሰው ኮቴ ሰማ። ግንቡን በግማሽ ትተው፣ በቅርቡ ደረጃ ወርደው፣ አሥራ ሁለቱም እየመጡ ነው። ቤጎኛ ጃንጥላዋን ይዛ ከኋላ ታለከልካለች። ሴሌዶንዮ ቁራሿን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ መልሶ አስቀመጣት።

"እንብላ" አለ፤ ድምፁ እንባ እንባ ይላል።

ተቀምጠው ገና ሁለተኛውን ቶርቲያ ሲጀምሩ ፌሊሳ ከአውቶቡሱ ጀርባ ብቅ አለች። ሴሌዶንዮ ተነስቶ ቆመ። "ፌሊሳ፣ ላስረዳሽ" ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም። እሷ እሱን አታየውም። ኦርቴንሲያ የሴጎቪያዋን ሴት ፍለጋ አውቶቡሱን ትዞራለች፣ ጎንበስ ብላ ከጎማው ሥርም ታያለች። ፌሊሳ ግን ዓይኗ የባንክ ሥራ አስኪያጁ ላይ ቀርቷል፤ ከክርኑ ላይ ዘይት ይልሳል። ከዚያ መሐላቸው የተቀመጠውን የአይስክሬም ዕቃ አየች። ፊቷ ቀላ።

"በዚህ ዕቃ" አለች ቀስ ብላ። "በዚህ ዕቃ ሰጠሃቸው።"

እንግዶቹ እጃቸውን ከዕቃው ሰበሰቡ። ሂልዳ ብቻ፣ ነገሩ ያልገባት፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ ዕቃውን ብድግ አድርጋ ወደ ፌሊሳ ዘረጋችው። ሳምንቱን ሙሉ ሲባል የሰማችውን፣ ይሄ ነው ወጉ ብላ የያዘችውን ቃል፣ ደስ ብሏት አለች።

"እንብላ!"

ሌሎቹም ጨዋ ናቸውና ተቀበሏት። አሥራ ሁለት እንግሊዝ በአንድ ድምፅ እንብላ አለ።

የፌሊሳ ምላስ መልሱን አውቆ ተነስቶ ነበር። ይመቻችሁ ብላ፣ ራሷን ቀና አድርጋ፣ በኦርቴንሲያ መኪና ተመልሳ ሄዳ ቤቷን መሸጥ ነው የቀራት። ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረባት።

"የኔ ዶሮስ?" አለች።

ሂልዳ የጎረሰችውን ዋጠች። ቀይ ሆነች፤ ጓደኞቿን አየች፤ ጓደኞቿ ሰማይ አዩ። "ሴኞራ ፌሊሳ፣ ጨርቅዎ በጣም ያምራል" አለች። ቆየችና፣ "ዶሮው ግን... እኔ ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። ሆዳቸው ለተቀደደ ሰዎች የምንሰጠው እንዲያ ያለ ነበር። የዚህ ምግብ ባለሙያ ማን እንደሆነች ሴኞር ሴሌዶንዮን ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ አልነግርም አለኝ። እርስዎ ያውቋታል?"

 የፌሊሳ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሴሌዶንዮ አለቀሰች ብሎ እጁን ሊዘረጋ ሲል ሳቋ አመለጣት። የቧንቧ ውሃ የማይሸፍነው ሳቅ ነበር። "አውቃታለሁ" አለች። "ቂል ናት!" ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የቢራው ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ስልሳ ዓመት ሙሉ እንብላ ስትባል ይመቻችሁ ስትል የኖረች ሴት እጇን ሰዳ አንድ ቁራሽ አነሳች። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው ትላለች ኦርቴንሲያ፤ እስከዛሬም ታወራዋለች። ሴትዮዋን ባለማግኘቷ ግን ትንሽ ቅር ብሏታል።

ፌሊሳ አኝካ ስትጨርስ ዙሪያዋን አየች። ቤጎኛ ጃንጥላዋን ተደግፋ ጥግ ላይ ቆማለች።

"ነይ፣ ቁጭ በይ" አለቻት።

"ይመቻችሁ፣ አሁን..."

"አልበላሽም። ፊትሽ ይናገራል። ቁጭ በይ ብዬሻለሁ።"

ቤጎኛ ቁጭ አለች። የቢሮው ስልክ የመጣው ሁለቱም ጉንጮቿ ሞልተው ሳለ ነው። ካስትሪዮ መዋኛ አለ ሲሏት፣ የሚዋኝ የለም አለች። እራቱ ተስተካክሏል ወይ ሲሏት ፌሊሳን አየች። ፌሊሳ "ከዛሬ ማታ ጀምሮ" አለች ጮክ ብላ፣ "ነጭ ሽንኩርት አለበት በያቸው!" ቤጎኛም ነገረቻቸው። ማረፊያው ቪያሞራ ይቀጥላል፤ ምሳውም መንገድ ላይ ከሴኞራ ፌሊሳ ቤት ይሆናል አለች። ከግንቡ ያልታየውንም ግማሽ ከምሳ በኋላ ሁሉም ቃል ገብተው ዞሩት፤ ሆዳቸው ሲሞላ ጥሩ አዳማጮች ሆኑ።

ያ ግን በኋላ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ዕቃው ውስጥ አንዲት ቁራሽ ቀርታ ነበር። ፌሊሳ ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ቀበቶውን አየች፣ አዲሱን ቀዳዳ አየች።

"አንተስ በልተሃል?"

"ከሰኞ ጀምሮ ምሳ አልበላሁም" አላት።

የፌሊሳ ዓይን እርጥብ አለ። ቁራሿን በሰንጢው አንስታ ሰጠችው። ሴሌዶንዮ በሁለት እጁ ያዛት። ወደ አፉ ሊያደርሳት ሲል አንድ ወፍራም የትራፊክ ፖሊስ ከጥላው ሥር እያዘገመ መጣ። የሴሌዶንዮ አንገት በራሱ ዞረ። አፉ ተከፈተ።

ፌሊሳ ክንዱን ገፍታ ቁራሿን አፉ ውስጥ ከተተችበት።

"ዝም ብለህ ብላ" አለችው።